«ጠፈር» ምንድን ነው?

ዘፍጥረት 1፥6 «በውኃዎች መካከል ጠፈር ይሁን» ይላል። ዛሬ ጠፈር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሮኬትና ሳተላይት ነው። ስለዚህ «ይኸው፣ መጽሐፉ ስለ ኅዋ ቀድሞ ተናግሯል» የሚሉ አሉ። በቅንነት እንደሚሉት አውቃለሁ። ግን ቃሉን ጠጋ ብለን እንየው።

በግዕዝ ጠፈር ማለት ጣሪያ ነው። የመቶ አለቃው ጌታን «ከቤቴ ጣሪያ በታች ልትገባ አይገባኝም» ሲለው፣ ግዕዙ «ታሕተ ጠፈረ ቤትየ» ነው የሚለው። ያው ቃል! የዕብራይስጡ «ራቂዓ» ደግሞ ብረት ቀጥቅጦ ከመዘርጋት ጋር ይዛመዳል። ኢዮብ 37፥18ም ሰማይን እንደ ቀለጠ መስተዋት ብርቱ ያደርገዋል። ሥዕሉ ግልጽ ነው፦ ከላያችን የተዘረጋ ጣሪያ፣ ከጣሪያው በላይ ውኃ። ቃሉን ለኅዋ ያዋልነው እኛ ነን፣ ያውም ከብዙ ዘመን በኋላ።

ታዲያ መጽሐፉ ተሳስቷል? እኔ እንደዚያ አላነበውም። ማታ ደጅ ወጥታችሁ ቀና በሉ። ጨረቃ ከእኛ ወደ 384,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ የሆነው ኮከብ ከ4 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) በላይ ይርቃል። ዓይን ግን ይህን ርቀት መለየት አይችልም፤ ሁሉንም አንድ ጉልላት ላይ ይለጥፋቸዋል። ዝናቡም የሚወርደው ከዚያው ከላይ ነው። ጸሐፊው የተናገረው ማንም ሰው በሚያየው ሰማይ ነው። እኛስ ምድር እንደምትዞር እያወቅን «ፀሐይ ወጣች፣ ጠለቀች» እንል የለ?

ይህ ሳይንስ ሲያይል የተፈለሰፈ ማምለጫ አይደለም። ዘፍጥረት ፀሐይንና ጨረቃን «ሁለት ታላላቅ ብርሃናት» ይላቸዋል። የፕሮቴስታንቱ መምህር ካልቪን በ1554 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዘፍጥረት ማብራሪያ፣ ፕላኔቷ ሳተርን ከጨረቃ እንደሚበልጥ የከዋክብት አጥኚዎች ማረጋገጣቸውን ሳያንገራግር ይቀበላል። ሙሴ ግን የጻፈው ተራው ሰው በሚገባው መንገድ ነው ይላል። ያኔ ቴሌስኮፕ እንኳ አልነበረም። በእስልምናም እንዲሁ ነው። ቁርኣን 18፥86 ላይ ዙል ቀርነይን የተባለው ንጉሥ ፀሐይ ጭቃማ ምንጭ ውስጥ ስትጠልቅ አገኛት። የታወቀው የቁርኣን ተንታኝ ኢብን ከሢር ይህን ሲያብራራ፣ ለተመልካቹ ዓይን እንደዚያ ታየችው ማለት ነው ይላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥቅስን ከሳይንስ ጋር በሚስማር መምታቱ ነው። ሳይንስ ራሱን ያርማል፤ ያኔ ጥቅሱም አብሮ የወደቀ ይመስላል። «ምድር አትናወጥም» የሚለውን የዳዊት መዝሙር እንደ ፊዚክስ ያነበቡ ሰዎች ምድር ትዞራለች ማለትን ከመጽሐፍ ጋር የሚጣላ አደረጉት፤ ምድር ትዞራለች ያለው ሳይንቲስት ጋሊልዮም በ1633 እ.ኤ.አ. በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ተፈረደበት። የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ግን ከዚያ ከ1,200 ዓመት በፊት አስጠንቅቆ ነበር፦ አማኝ መጽሐፍ እየጠቀሰ ስለ ከዋክብት የማይሆን ነገር ካወራ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ስለ ትንሣኤ ሲነገረው እንዴት ያምናል?