«ዛሬ ታካሚ ማየት እችላለሁ?» የተጨነቀ ባለሙያ ራሱን ስለሚመዝንበት መንገድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር ያደረ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጠዋት ቢሮው ገብቶ ይቀመጣል። ትዳሩ ሊፈርስ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ትዳሯ የፈረሰባት ሴት ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። እስከዚያ አንድ ነገር መወሰን አለበት፦ ዛሬ መሥራት እችላለሁ ወይስ አልችልም?

ቀዶ ሐኪም እጁ ሲንቀጠቀጥ በዓይኑ ያየዋል። የአእምሮ ጤና ባለሙያ መሣሪያው ግን ትኩረቱና ትዕግሥቱ፣ የሌላውንም ስሜት የሚያነብበት አእምሮው ነው። መሣሪያው መበላሸት አለመበላሸቱን የሚመረምረውም ያው መሣሪያ ነው። ጥያቄውን ከባድ የሚያደርገው ይህ ይመስለኛል። በዙሪያው የሚነገሩት የተሳሳቱ አመለካከቶች ደግሞ ባለሙያውንም ታካሚውንም ስለሚጎዱ አንድ በአንድ ማየት ይገባል። (ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የተጨነቀ ባለሙያ ታካሚ ማየት የለበትም»

እንዲህ ቢሆን ኖሮ ክሊኒኮች ባዶ በቀሩ ነበር። ባለሙያም ሰው ነው፤ ይታመማል፣ ሐዘን ይደርስበታል፣ ይፋታል፣ ዕዳ ውስጥ ይገባል። ኬኔት ፖፕ እና ባርባራ ታባክኒክ በ1994 ባወጡት ጥናት፣ ከመለሱላቸው የአሜሪካ ሳይኮሎጂስቶች 84 በመቶው ራሳቸው የሥነ ልቦና ሕክምና ወስደው ያውቃሉ፤ 61 በመቶው ደግሞ በሕይወታቸው የድብርት ሕመም እንደገጠማቸው ተናግረዋል።

መጨነቅና የሥራ ብቃት መጓደል አንድ አይደሉም። መጨነቅ ባለሙያው ውስጥ ያለ ስሜት ነው። የብቃት መጓደል የሚታየው ሥራው ላይ ነው። በ1989 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ጭንቀት ገጥሞናል ካሉት ሳይኮሎጂስቶች ውስጥ ጭንቀቱ የሕክምናዬን ጥራት ቀንሶታል ያሉት 36.7 በመቶ ሲሆኑ፣ በቂ ያልሆነ ሕክምና ሰጥቻለሁ ያሉት 4.6 በመቶ ብቻ ናቸው።

ቁጥሩ ያጽናናል። ነገር ግን የሰጡት እነማን ናቸው? የተጨነቁት ራሳቸው ናቸው። ይህ ወደሚቀጥለው አመለካከት ይወስደናል፤ በእኔ እይታ ከሁሉም አደገኛው እሱ ነው።

«ሥራዬ ሲበላሽ ለራሴ ይታወቀኛል»

ስቲቨን ዎልፊሽ እና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት 129 የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን «ከሙያ አቻዎችህ ጋር ስትነጻጸር ችሎታህ የት ላይ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከአራቱ አንዱ ራሱን ከመቶ ባለሙያዎች ከፍተኛዎቹ አሥር ውስጥ አስቀመጠ። ከአማካይ በታች ነኝ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንደሚባለው ነው። በሐኪሞች ዘንድም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ሐኪሞች ለራሳቸው የሰጡትን ግምት ከውጭ ከተለካው ችሎታቸው ጋር በ20 ንጽጽሮች ሲያስተያይ፣ በ13ቱ ሁለቱ እምብዛም አልተገናኙም፤ ጭራሽ ተቃራኒ የሆኑበትም ነበር።

ይህ እንግዲህ ስለ ችሎታ በጠቅላላው ነው። ሲደክሙስ? በ2003 የታተመ የእንቅልፍ ጥናት አለ፤ ለዚህ ሙያ ሰዎች ሁሉ ቢነገር የምመኘው ነው። ጤነኛ ሰዎች ለ14 ቀናት በየሌሊቱ አራት ወይም ስድስት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ተደረገ። ትኩረታቸውና የማሰብ ፍጥነታቸው ከቀን ወደ ቀን እያሽቆለቆለ ሄዶ ጭራሽ ሳይተኛ ካደረ ሰው ደረጃ ደረሰ። «ምን ያህል እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል?» ሲባሉ ግን መልሳቸው ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ብዙም አልጨመረም። እየባሰባቸው ሳለ የለመዱት መሰላቸው። የስሜት ድካም ከዚህ የተለየ ነው ብዬ የማምንበት ምክንያት አይታየኝም። በሐዘን ሦስተኛ ወሩ ላይ «አሁንስ ለመድኩት» የሚል ባለሙያ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ወይም መለኪያው ራሱ አብሮ ዝቅ ብሎ ይሆናል። ከውስጥ ሆኖ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

በተቃራኒውም ይሳሳታል፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ድብርት ያለበት ሰው ራሱን የሚያየው በጨለማ መነጽር ነው። ጥሩ አድርጎ የመራውን የሕክምና ሰዓት «ምንም አልጠቀምኳትም» ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለው ባለሙያ ሥራው ሳይጓደል ራሱን ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል። ስሜት ከፍ አድርጎም ዝቅ አድርጎም የሚያሳስት ሚዛን ነው።

የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ፣ አንቀጽ 2.06፣ ይህን የተረዳ ይመስላል። የግል ችግሩ በብቃት እንዳይሠራ ሊያደርገው የሚችልበት ዕድል ከፍተኛ መሆኑን «የሚያውቅ ወይም ማወቅ የሚገባው» ባለሙያ ያንን ሥራ ከመጀመር እንዲቆጠብ ይጠይቃል። «ማወቅ የሚገባው» የምትለዋ ሐረግ ከባድ ናት። «አልታወቀኝም ነበር» ማለት በቂ መልስ አይሆንም ማለት ነው፤ የሚያውቅበትን መንገድ አስቀድሞ ማበጀት የባለሙያው ግዴታ ነው።

«ታካሚዎቼ ካልቀሩና ካላማረሩ ደህና ነኝ»

በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ቴራፒስቶች (የሥነ ልቦና ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች) ከ550 ታካሚዎቻቸው መካከል በሕክምናው ማብቂያ የሚብስባቸውን እንዲገምቱ ተጠየቁ። ሦስት ሰዎችን ጠቆሙ። የባሰባቸው 40 ነበሩ፤ ከተጠቆሙት ሦስቱ ውስጥ በትክክል የተገኘው አንድ ብቻ። እነዚህ ባለሙያዎች ተጨንቀዋል ተብለው የተመረጡ እንኳ አልነበሩም።

ታካሚ ዝም የሚልበት ብዙ ምክንያት አለው። አንዳንዱ የባለሙያውን ፊት አይቶ ያዝንለታል፤ ከባዱን ነገር ለሌላ ቀን ያቆየዋል። ባለሙያውን ማስታመም የጀመረ ታካሚ ቅሬታ አያቀርብም፣ ቀጠሮም አይቀርም።

ስለዚህ «ምን ይሰማኛል?» ከማለት «ሥራዬ ላይ ምን እየታየ ነው?» ማለት ይሻላል። ማስታወሻ መጻፍ ተከማችቷል? ታካሚው ቀጠሮ ሲሰርዝ እፎይ ማለት በዝቷል? ታካሚዋ ስለ ፍቺ ስታነሳ ወሬው ወደ ሌላ እየተጠመዘዘ ነው? ወይስ ሳያስፈልግ የራሱን ታሪክ መንገር ጀምሯል? ባለፈው ሳምንት የነገሩት ይረሳል? ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ያለበት ቦታ ላይ መልሱን ለመስማት አቅም ስላጣ ብቻ ሳይጠይቅ አልፏል? ይህች የመጨረሻዋ አንድ ጊዜ ከታየች በቂ ናት፤ ሌሎቹ እስኪደመሩ አይጠበቅም። በየቀጠሮው ታካሚው የሚሞላው አጭር የመለኪያ ቅጽም የባለሙያው ስሜት የሚደብቀውን ያወጣል።

«ምርጫው ሁለት ነው፦ መሥራት ወይም መተው»

ያው አንቀጽ 2.06 ሥራን መገደብን፣ ለጊዜው ማቆምንና ጨርሶ መተውን ለያይቶ ያስቀምጣል፤ ባለሙያ ማማከርንም ከሚወሰዱት እርምጃዎች ውስጥ ይጠቅሳል። በመገደብ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለ። አዲስ ታካሚ አለመቀበል፣ የቀኑን ቁጥር መቀነስ፣ በሁለት ቀጠሮ መካከል ዕረፍት ማስገባት ይቻላል። ልጅ የሞተበት ባለሙያ ልጅ የሞተባቸውን ወላጆች ለተወሰነ ጊዜ ለባልደረባው አስተላልፎ፣ የፎቢያ (አንድን ነገር ከልክ በላይ የመፍራት) ታካሚዎቹን በደንብ ማከም ሊችል ይችላል። ጥያቄው «ብቁ ነኝ?» ከሚሆን «ለማን፣ ለየትኛው ሥራ፣ በቀን ለስንት ሰዓት?» ቢሆን ይሻላል።

ብዙዎችን ወንበራቸው ላይ የሚያቆያቸው «ታካሚዬን እንዴት ጥዬው እሄዳለሁ?» የሚለው ሐሳብ ነው። ከፍቅር የሚመነጭ ስለሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን እስኪወድቅ ሠርቶ በአንድ ቀን የሚጠፋ ባለሙያ፣ ቀድሞ ነግሮ ለሦስት ሳምንት ከሚያርፈው ይልቅ ታካሚውን የባሰ ይጥለዋል። ማን እንደሚተካው፣ የታካሚዎች ዝርዝር የት እንዳለ፣ ማን ደውሎ እንደሚነግራቸው ደህና በሆነበት ጊዜ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ማረፍ ታካሚን መጣል አይሆንም።

«የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያለው ሰው ለዚህ ሙያ አይሆንም»

የምርመራ ስም ብቻውን ስለ ብቃት አይናገርም። ስሜታቸውን መቆጣጠር ለሚቸግራቸውና ራሳቸውን ለሚጎዱ ሰዎች የሚሰጠውን፣ ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ የተባለውን የሥነ ልቦና ሕክምና የፈጠሩት ማርሻ ሊነሃን በወጣትነታቸው በከባድ ሁኔታ ራሳቸውን ይጎዱ እንደነበርና በ17 ዓመታቸው የአእምሮ ሆስፒታል እንደገቡ በ2011 በይፋ ተናግረዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። በዚያ ሕክምና ውስጥ የቴራፒስቶች የምክክር ቡድን የሕክምናው አንዱ ክፍል ነው። ቴራፒስቱ ብቻውን እንዳይቀር ተደርጎ የተሠራ ነው።

«በርንአውት (በሥራ ጫና መዛል) የግል ድክመት ነው»

የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባ ላይ በርንአውትን ያስቀመጠው በሽታ ብሎ ሳይሆን፣ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ክስተት ብሎ ነው። በሳምንት የሚታየው የታካሚ ቁጥር ሳይነካ «ራስህን ተንከባከብ» የሚል አለቃ ግማሹን ሥራ አልሠራም።

«ለባልደረባ መንገር ራስን ማጋለጥ ነው»

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ የሥራ ፈቃዱንና ስሙን የሚያስብ ሰው ዝም ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የሐኪሞች ቃል ኪዳን የሆነው የጄኔቫ መግለጫ እንኳ በ2017 ሲሻሻል፣ ሐኪሙ የላቀ አገልግሎት መስጠት እንዲችል የራሱን ጤንነት፣ ደህንነትና ችሎታ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ቃል ተጨምሮበታል። ራስን መጠበቅ ከሙያው ግዴታ አንዱ ሆኗል ማለት ነው፤ ማማከርም የዚያ አንዱ መንገድ ነው።

የምታማክረው ሰው ግን «አይዞህ፣ ትችላለህ» የሚል ወዳጅ ብቻ ከሆነ አይበቃም። ሥራህን የሚያይ፣ ቅር ልትሰኝበት እንደምትችል እያወቀ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ስምምነቱም መደረግ ያለበት በደህናው ቀን ነው፦ «ማስታወሻዬ ከሁለት ሳምንት በላይ ከተከማቸ፣ ስለ አንድ ታካሚ ስናወራ ከተቆጣሁ፣ ምክክራችንን ደግሜ ከሰረዝኩ፣ አዲስ ሰው እንዳልቀበል ንገረኝ። ያን ቀን ደህና ነኝ ብልህም አትመነኝ።»