የቆዩ መዶሻዎችና የእጅ መሣሪያዎች ስብስብና እድሳት በሰሜን ሸዋ

የቆዩ መዶሻዎችን፣ መጥረቢያዎችን፣ መሮዎችንና መጋዞችን ሰብስቦ ማደስ ዕቃውን ከዝገት የማዳንና የሠሪውን ጥበብ መርምሮ የመጠበቅ ሥራ ነው። በሰሜን ሸዋ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በገበሬው ጎተራ፣ በድንጋይ ጠራቢዎችና በአናጢዎች ቤት፣ በባለእጆች መሥሪያና አሮጌ ብረት በሚሸጥባቸው የገበያ ጥጎች ይገኛሉ። ምንጫቸውም በጥቅሉ ሦስት ነው፤ የአገሬው ባለእጅ ሥራ፣ የጣሊያን ወረራ ዘመን የመንገድ ሥራና ከውጭ የገባ የንግድ ዕቃ።

ከሦስቱ ሰፊ ጥናት የሚገባው የመጀመሪያው ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) የሸዋ መናገሻ የነበረችው አንኮበር ከነአካባቢዋ በብረት ሠሪዎቿና በሸክላ ሠሪዎቿ ስትታወቅ ኖራለች። ባለእጁ ከፍየል ቆዳ በተሰፋ ወናፍ የከሰሉን ፍም እያናፋ፣ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ መስፍ ላይ በመቀጥቀጥ ማረሻና ወገል፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ይሠራል፤ የራሱን መዶሻና ጉጠት የሚሠራውም ራሱ ነው። በኋላ ዘመን የቆዳው ወናፍ በብዙ ቦታ በመኪና ከመነዳሪ ሲተካ፣ ብረቱም የመኪናን ክብደት ከሚሸከመው የአሮጌ ተሽከርካሪ የብረት ሞላ፣ ከባሌስትራ፣ መገኘት ጀመረ። ባሌስትራ አግሎ ፈሳሽ ውስጥ በማጥለቅ የሚጠነክር ጥሩ ብረት ስለሆነ ከእሱ የተሠራ መጥረቢያ ስለቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ግን ለዘመናት ሲናቅና በቡዳነት ሲጠረጠር ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሥራ ባለሙያዎችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ የደረሱትም በዚሁ ምክንያት ነበር። ማረሻው ያለ እሱ እጅ መሬት የማይነካለት አገር ለሠሪው የነፈገውን ክብር፣ ቢያንስ የሠራውን ዕቃ በጥንቃቄ በመያዝ መመለስ ይቻላል የሚል ጽኑ እምነት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አለው።

በአገር ቤት በተቀጠቀጠ መዶሻ ላይ የሠሪው ምልክት ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ሆኖም ብረቱ ራሱ ይናገራል። የእጀታው ቀዳዳ በጋለ ብረት ላይ በመብሻ የተከፈተ ከሆነ ዙሪያው ፍጹም እኩል አይሆንም፤ ጎንና ጎኑም ትንሽ አበጥ ብሎ ይታያል። የሚመታበት ፊት በአንድ በኩል ብቻ ካለቀ መሣሪያው ለረጅም ጊዜ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ዓይነት አያያዝ ሲሠራ እንደኖረ ያመለክታል። የባዛልት ድንጋይ ሲጠረብበት የኖረ መዶሻ ደግሞ ጠርዙ ተደፍጥጦ እንደ እንጉዳይ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ይህ የተገለበጠ ጠርዝ በምት ጊዜ ተሰብሮ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ መዶሻው ወደ ሥራ የሚመለስ ከሆነ በሞረድ መነሣት አለበት፤ ለማሳያ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ግን እንዳለ ቢተው ይሻላል።

በ1928–1933 ዓ.ም. የወረራ ዘመን ጣሊያኖች በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና በኩል ወደ ደሴ የሚያልፈውን መንገድ ሲሠሩ የጣርማ በርን ዋሻ ፈልፍለዋል። ፒንሳና ካቻቢቴን የመሳሰሉ የጣሊያንኛ ስሞች በጋራዡና በአናጢው ቤት እስከ ዛሬ ይነገራሉ። የፋብሪካ መዶሻ ክብደቱ ወይም የአምራቹ ምልክት ብዙ ጊዜ በጎኑ ታትሞበታል፤ ጽሑፉ በዝገት ሥር ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ መፋቅ የለበትም።

ዝገት ለማስለቀቅ ቀላሉ መንገድ ብረቱን ከእጀታው ለይቶ አቼቶ ውስጥ ማሳደርና በማግስቱ በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ነው። አሲዱ ከዝገቱ አልፎ ብረቱንም ስለሚበላ ብዙ መቆየት የለበትም፤ ሲወጣም ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ታጥቦ ወዲያው መድረቅና ዘይት መቀባት ይኖርበታል። ግራይንደር ከሁሉ ይልቅ ጉዳት ያደርሳል፤ የቅጥቀጣውን አሻራ ከማጥፋቱም በላይ ስለቱን አግሎ ያለሰልሰዋል። ብረቱ መጀመሪያ ቢጫ፣ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ደግሞ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ቀንሷል ማለት ነው። ስለዚህ ጥቁር ቆዳው ሳይነካ ቀዩ ዝገት ብቻ የተነሣለት መሣሪያ፣ እንደ መስታወት ከሚያብለጨልጨው የበለጠ በሚገባ ታድሷል።

የእጀታው ሥራ ከብረቱ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለመዶሻና ለመጥረቢያ ዛቢያ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለው ወይራ ይመረጣል፤ እንጨቱ የሚፈለጠው የጭረቱ አቅጣጫ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ሆኖ ሲሆን፣ ጫፎቹ ሰም ተቀብተው በጥላ ሥር ለወራት ይደርቃል። እርጥብ እንጨት የገባበት መዶሻ በክረምት የጠበቀ ቢመስልም፣ የታኅሣሥና የጥር ደረቅ አየርና ውርጭ ሲመጣ እንጨቱ ይኮማተርና ብረቱ ይላላል። ብዙ ሰው እንዲህ ሲሆን መዶሻውን ውኃ ውስጥ ይነክራል፤ እንጨቱ ያብጥና ለጊዜው ይጠብቃል፣ ነገር ግን በብረቱ ግድግዳ ተጨፍልቆ ስለሚቀር ሲደርቅ ከበፊቱ ብሶ ይላላል። ትክክለኛው መፍትሔ የእጀታውን ራስ በመጋዝ ሰንጥቆ ደረቅ ሽብልቅ መምታት ነው፤ ቀዳዳው ወደ ላይ ሰፋ የሚል ከሆነ ሽብልቁ እንጨቱን ከፍቶ ብረቱ እንዳይወጣ ያግደዋል። በመጨረሻ እጀታው በደጋው ከሚዘራው ተልባ በተጨመቀ ዘይት በስሱ ይቀባል። ዘይቱ የሚደርቀው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙቀት እያወጣ ስለሆነ፣ የተቀባበት ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ተዘርግቶ መድረቅ አለበት።

ለእነዚህ ዕቃዎች ትልቁ ስጋት ዝገት ሳይሆን ሚዛን ነው። ቆራሌው አሮጌ ብረት በኪሎ ይገዛል፤ የተገዛውም ቀልጦ የግንባታ ብረት ይሆናል፤ የአያት መጥረቢያና የተሰበረ የአልጋ እግር በአንድ ዋጋ ይሄዳሉ። ሰብሳቢውም በበኩሉ ሕግ ማወቅ አለበት፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን መመዝገብን የሚደነግግና ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን የሚከለክል ሲሆን፣ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ዕቃ ከቶ መገዛት የለበትም። ከየት እንደመጣ ያልተጻፈለት መሣሪያ ግማሽ ዋጋውን ያጣል። ስለዚህ የተገኘበት ወረዳና ቀበሌ፣ የተገዛበት ቀን፣ ባለቤቱ ምን ይሠራበት እንደነበር፣ የሠሪው ስም ከታወቀም ስሙ፣ እንዲሁም በእድሳቱ የተለወጠው ክፍል በካርቶን ላይ ተጽፎ በክር ከእጀታው ጋር ይታሰራል፤ ማጣበቂያ ግን እንጨቱንም ብረቱንም ስለሚያበላሽ አይመከርም።