ቴትራሳይክሊን ከልጆች አጥንት ጋር ያለው ግንኙነት ምንድን ነው?

ጅማ ፈረንጅ አራዳም ሆነ መርካቶ አካባቢ ወዳለ መድኃኒት ቤት ገብቶ ለሦስት ዓመት ልጁ የቴትራሳይክሊን እንክብል የሚጠይቅ ወላጅ፣ ባለሙያው ጠንቃቃ ከሆነ «ለልጅ አይሰጥም» ይባላል፤ ለዚያው ልጅ የዓይን ቅባቱን ቢጠይቅ ግን ይህን መልስ አይሰማም። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የሚለየው ወደ ደም የሚገባው መጠን ሲሆን ከቅባቱ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። የሚዋጠው የተከለከለበት ምክንያት መድኃኒቱ በማደግ ላይ ባለ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው።

ቴትራሳይክሊን የአንድ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የአንድ የመድኃኒት ቤተሰብም መጠሪያ ነው። የመጀመሪያው አባል ኦሪዮማይሲን እ.ኤ.አ. በ1948 ይፋ የሆነ ሲሆን፣ የተገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። ለተስቦና በቅማል ለሚተላለፈው ግርሻ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊንም የዚሁ ወገን ነው። ሁሉም በሽታ አምጪው ባክቴሪያ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዱታል፤ ሁሉም ደግሞ፣ መጠኑ ቢለያይም፣ ካልሲየም ሲያገኙ ይይዙታል። ቴትራሳይክሊን ከወተት ጋር አይወሰድ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንጀት ውስጥ ከወተቱ ካልሲየም ጋር ተጣብቆ ወደ ደም ሳይገባ ይወጣልና። ወደ ደም የገባው ግን ካልሲየም በብዛት ወደሚከማችበት፣ ማለትም አዲስ አጥንት ወደሚሠራበት ስፍራ ሄዶ እዚያው ይቀመጣል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ቴትራሳይክሊን የገባበት አጥንት በስሱ ተቆርጦ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ ቢጫ ሆኖ ያበራል። የአጥንት ሐኪሞች ጉዳቱን ትተው ጥቅሙን የወሰዱትም ከዚህ ነው፦ ለአዋቂ ታካሚ መድኃኒቱን በተወሰኑ ቀናት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጡና ትንሽ የአጥንት ናሙና ወስደው በሁለቱ ቢጫ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ይለካሉ፤ ርቀቱ ለቀናቱ ሲካፈል አጥንቱ በቀን ምን ያህል እንደሚሠራ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ከጎረቤታችን ሱዳን፣ ከጥንታዊት ኑብያ መቃብር የወጡ የ1,600 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው አጥንቶች ይህንኑ ብርሃን እንደሚሰጡ ተዘገበ። አጥኚዎቹ ምንጩ ከእህል የተጠመቀ፣ ጠላ መሰል መጠጥ ሳይሆን እንደማይቀር ገምተዋል፤ መድኃኒቱን የሚሠራው የአፈር ባክቴሪያ እህሉ ላይ አድጎ መድኃኒቱን ሠርቷል ማለት ነው።

ወደ እድገት ስንመጣ፣ ረጃጅም አጥንቶች የሚረዝሙት ጫፋቸው አካባቢ ባለ የልም አጥንት ንጣፍ አማካይነት ነው። ሴሎቹ ይባዛሉ፣ ይደረደራሉ፣ ከዚያም ካልሲየም ገብቶባቸው ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመ ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ቴትራሳይክሊን በተሰጣቸው ሕጻናት ላይ ፊቡላ የተባለው ቀጭኑ የእግር አጥንት የእድገት ፍጥነት እስከ 40 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ይህ ቁጥር ብቻውን ተነጥሎ ሲነገር ያስደነግጣል፤ አብሮ የማይነገረው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተሰጠው በየስድስት ሰዓቱ ለአንድ ኪሎ ክብደት 25 ሚሊግራም፣ ማለትም በቀን ለአንድ ኪሎ 100 ሚሊግራም ነበር፤ ዛሬ ከስምንት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የሚታዘዘው በቀን ለአንድ ኪሎ ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም ነው። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ሲቆም እድገቱ ወደ ነበረበት ተመልሷል። ስለዚህ ጥናቱ የሚያሳየው እድገት ለጊዜው መዘግየቱን እንጂ ልጅ ድንክ ሆኖ መቅረቱን አይደለም፤ ስለ መድኃኒቱ የሚነገረው «ከእድገት መዛባት ጋር ተያይዟል» የሚለው አነጋገር ሁለቱን ያደበላልቃል።

የማይመለሰው በጥርስ ላይ የሚደርሰው ነው። አጥንት ዕድሜ ልኩን እየፈረሰ ስለሚታደስ መድኃኒቱ የገባበት ክፍል ውሎ አድሮ ይተካል፤ ኢናሜል የተባለው ጠንካራው የጥርስ የላይ ሽፋን ግን አንዴ ከተሠራ በኋላ አይታደስም። በዚህም የተነሳ ከእርግዝና ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ የተወሰደ ቴትራሳይክሊን ጥርስን ቢጫ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ አድርጎ ሊያስቀር ይችላል። ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥ የሚለው የዕድሜ ገደብ በዋናነት የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ዶክሲሳይክሊን ካልሲየምን የሚይዘው ከቴትራሳይክሊን ባነሰ ኃይል ሲሆን፣ የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ዕድሜን ሳይለይ እስከ 21 ቀን ሊሰጥ እንደሚችል አስታውቋል። ተስቦ የያዘው የአምስት ዓመት ልጅ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ዶክሲሳይክሊን ቢታዘዝለት ስህተት ተሠርቷል ማለት አይደለም፤ ገደቡ ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ለሚዋጠው የቴትራሳይክሊን እንክብል ነው።