ይሉኝታ ትሕትና አይደለም

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዕቁብ ተሰብስበን ዕጣው ለአንድ ወንድም ወጣለት። ዕቁብ የጣለ ሰው ያውቀዋል፤ ዕጣ የደረሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን አይወስድም። ሰውየው ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። "መቼም አንተ አታሳፍረኝም" አለኝ። ጸሐፊው ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው፤ እስክሪብቶው መሐሉ ላይ ተጋድሟል።

ውስጤ ጥርት አድርጎ "አትፈርም" ይለኛል። ሰውየው የሌላም ሰው ዕዳ እንዳለበት ዐውቃለሁ፤ የእኔም ደመወዝ ከወር ወር እንደማያደርስ ዐውቃለሁ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ "አልችልም" ማለት ግን ሞት መሰለኝና ፈረምኩ። "ተባረክ! ትሑት ሰው!" ተባልኩ፤ እኔም አመንኩ።

በሦስተኛው ወር ሰውየው መክፈል አቆመ፤ ቀሪውን እኔ ከፈልኩ። ገንዘብ ያልፋል፣ እርሱስ አለፈ። የከፋው ሌላ ነው። ወደ ሁለት ዓመት ያህል በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ባገኘሁት ቁጥር ጉንጩን እየሳምኩ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነህ?" እለዋለሁ፤ በልቤ ግን ሒሳቡን ከነሳንቲሙ እየቆጠርኩ ነው። ቂም ይዞ አይቈረብምና ከሥጋ ወደሙ ራቅሁ። በመጨረሻ ለንስሐ አባቴ አወራኋቸው። የሰውየውን ክፋት ዘርዝሬ እስክጨርስ ታግሠው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ "ልጄ፣ ዋስ የሆንከው ለእርሱ ነው ወይስ ለስምህ?"

መልስ አልነበረኝም።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስለ ራሳችን ክብርና ስለ ሌላው ማሰብ ስንማር ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይሉኝታ ስለ ሰው የተጨነቀ ይመስላል። ቃሉን ግን እስቲ ልብ በሉት፤ "እንዲህ ይሉኛል" ከማለት የወጣ ነው። ተናጋሪዎቹ እነርሱ፣ የሚወራበት ግን እኔ። ያን እሑድ ስለዚያ ወንድም ዕዳ፣ ስለ ልጆቹ፣ እንዴት እንደሚከፍል ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ራሴ ፊት ነው። አስቤለት ቢሆን ኖሮ ገለል አድርጌ "ይህ ዕዳ ያንቅሃል" እለው ነበር።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ያለውን የፊልጵስዩስ ታሪክ ከዚያ ወዲህ በሌላ ዓይን ነው የማነበው። ቅዱስ ጳውሎስና ሲላስ ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት በበትር ተደበደቡ፤ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በውስጠኛው ወኅኒ ተጣሉ። በመንፈቀ ሌሊት ምድር ተናወጠች፣ ደጆቹ ተከፈቱ፣ የሁሉም እስራት ተፈታ። እስረኞቹ ያመለጡ የመሰለው ጠባቂ ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዘዘ። ጳውሎስ መውጣት ይችል ነበር። እርሱ ግን ሁላችንም እዚህ አለን፣ በራስህ ላይ ክፉ አታድርግ ብሎ ጮኸ። ለጠባቂው ሕይወት ሲል በተከፈተ ወኅኒ ውስጥ ተቀመጠ።

ሲነጋ ደግሞ ሹማምንቱ "እነዚያን ሰዎች ልቀቋቸው" ብለው ላኩ። እኛ ብንሆን "ተመስገን" ብለን ውልቅ ነበር። ጳውሎስ ግን አሻፈረኝ አለ። የሮሜ ዜጎች ሆነን ያለ ፍርድ በአደባባይ ገርፈው አሁን በስውር ሊያስወጡን ነው? አይሆንም፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። ሹማምንቱም ፈርተው መጡ፤ ለመኗቸውም።

ሌሊት ስለ ጠባቂው ነፍስ ሲል ከበሩ ያልወጣውና ጠዋት ክብሬን ካልመለሳችሁ አልወጣም ያለው አንድ ሰው ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ጠዋት የተናገረውም ለራሱ ብቻ አይመስለኝም፤ ከወኅኒ ወጥቶ የገባው በዚያችው ከተማ ስብከቱን ሰምታ ወደ ተጠመቀችው ወደ ልድያ ቤት ነው፣ እዚያ ገና ጨቅላ የሆነች ቤተ ክርስቲያን አለች። መምህራኖቿ በጓሮ በር የተባረሩ ወንጀለኞች ቢባሉ ነገ በእርሷ ላይ የማይደርስ ምን አለ?

እንግዲህ ለዚህችው ለፊልጵስዩስ ነው በኋላ እስር ላይ ሆኖ "እያንዳንዱ ባልንጀራው ከራሱ ይልቅ እንዲሻል በትሕትና ይቍጠር" ብሎ የጻፈው። ደብዳቤው ሲነበብ ያ የወኅኒ ጠባቂ በሕይወት ኖሮ ከሰሚዎቹ መካከል ቢሆን፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። ቀጥሎም "እያንዳንዱ ለራሱ የሚጠቅመውን አይመልከት፥ ለባልንጀራው ደግሞ እንጂ" ይላል። "ደግሞ" የምትለዋን ቃል ዘለን አንለፋት።

ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ሌሊት ቅዱስ ዮሐንስ ሲተርክ በማበሻው ጨርቅ አይጀምርም። አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው፣ ከእግዚአብሔር እንደ ወጣና ወደ እግዚአብሔር እንደሚሄድ ዐውቆ ከእራት ተነሣ ይላል። ማንነቱን የሚያውቅ እርሱ ነው ጎንበስ ያለው። "የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም" ያለው ደግሞ ጴጥሮስ ነው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የአገሬ ሰው "ኧረ በሞቴ!" ሲል ይሰማኛል። በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበት ላይም አይቼዋለሁ፤ ሽማግሌው ካህን ውኃውን ይዘው ዝቅ ሲሉ ከፊቴ የነበረው ጎልማሳ እግሩን ሰብሰብ አደረገ። ካህኑ ቀና ብለው አይተውት ሳይናገሩ ጠበቁት። ቀስ ብሎ ዘረጋ።

ይህን ስል "ከራስ በላይ ነፋስ" ለሚሉት ምርኩዝ እንዳላቀብል እሰጋለሁ። ዛሬ በየስልካችን "ራስህን አስቀድም፣ የሚያስቸግርህን ሰው ሁሉ ቁረጥ" የሚል ስብከት ሞልቷል። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው አልቆረጠውም፤ ቁስሉን አሰረለት፣ በገዛ አህያው ጭኖ ወስዶ ሲጠብቀው ዐደረ። በማግሥቱ ግን ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ መንገዱን ቀጠለ። በወይኑ አትክልት ምሳሌ አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ ስለዚህ የሰጠው የሁለት ቀን ጉልበቱን ነው። ከዚያ ያለፈውን "ስመለስ እከፍልሃለሁ" አለ። የሚችለውን ዐውቆ ሰጠ፤ የማይችለውን ለሌላ እጅ አስረከበ።

የንስሐ አባቴ ያን ወንድም ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዙኝ። እኔ? ከፋዩ? ሻይ ጋብዤው "ያን ቀን እውነቱን ስላልነገርኩህ በድዬሃለሁ፤ ስፈርምልህ ልቤ አልፈረመም ነበር" አልኩት። ብርጭቆውን ብዙ ጊዜ አሽከረከረ። ዓይኑን ሳያነሣ "እኔም ሌላ የሚፈርምልኝ ሰው አልነበረኝም" አለ። ይህንንም አላሰብኩትም ነበር።

በቅርቡ ሌላ ወዳጄ ዋስ ሁነኝ አለኝ። ላቤ እየመጣ "ዋስ መሆን አልችልም፤ ይህችን ግን ውሰዳት፣ አትመልስም" ብዬ ያለችኝን ሰጠሁት። ተቀበለኝ፣ ግን ቅር እንዳለው ፊቱ ይናገራል። ሌሊቱን ስገላበጥ ዐደርኩ። ጠዋት ደወልኩለት፤ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዘጋ፣ በሦስተኛው አነሣው።