ቤት ሲገቡ አናንያ

ባለፈው የታኅሣሥ ገብርኤል፣ እዚሁ ስደት አገር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን፣ አንድ ልጅ ሊቆርብ ተሰለፈ። 14 ዓመት ቢሆነው ነው። ነጠላውን እናቱ አስተካክላ አልብሳዋለች። ካህኑ "የክርስትና ስምህ ማን ነው?" አሉት። ልጁ ዞሮ እናቱን አየ። እናቱ አቀረቀረች። እሷም ረስታዋለች።

ከቅዳሴ በኋላ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ስትደውል አጠገቧ ቆሜ ነበር። አያት ጊዜም አልወሰደባቸው፤ "ተክለ ማርያም ነዋ!" አሉ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ልጁ ስሙን ቀስ ብሎ ለራሱ ደገመው። እሷ አለቀሰች።

በዚያ ቀን የተሰበከው ስለ ሠለስቱ ደቂቅ፣ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ላቆመው ምስል አንሰግድም ብለው እቶን ውስጥ ስለተጣሉት ሦስት ልጆች ነበር። ምስሉ 60 ክንድ መሆኑን፣ እቶኑ ሰባት እጥፍ መንደዱን፣ መልአኩ መውረዱን ሰማን። እልልም አልን። የእኔ ልብ ግን እሳቱ ጋ አልደረሰም። ከዚያ በፊት ባለች አንዲት ቁጥር ላይ ቀረ።

የይሁዳ ልጆች ተማርከው ባቢሎን ሲገቡ የጃንደረቦቹ አለቃ ስማቸውን ለወጠው። ዳንኤል ብልጣሶር፣ አናንያ ሲድራቅ፣ ሚሳኤል ሚሳቅ፣ አዛርያ አብደናጎ ተባሉ። ብልጣሶር የሚለው ስም እንደ አምላኬ ስም ነው ብሎ ንጉሡ ራሱ ይናገራል። አዛርያ ደግሞ "እግዚአብሔር ረዳ" ማለት ነው። ይህን ስም ገፍፎ የጣዖት ስም ማልበስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ልጆቹን ማንም አልደበደባቸውም። ተማሩ፣ ከንጉሡ ማዕድ ቀረበላቸው፣ ሥራም ተሰጣቸው።

አሁን ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 2 ቁጥር 17ን አውጡ። ዳንኤል ወደ ቤቱ ሄደ፤ ነገሩንም ለባልንጀሮቹ ለአናንያ፣ ለሚሳኤልና ለአዛርያ ነገራቸው ይላል። ወደ ቤቱ! ቤት ውስጥ ሲድራቅ የሚባል ሰው የለም። አብረው ምሕረት ሊለምኑ ሲቀመጡ የሚጠራሩት እናቶቻቸው ባወጡላቸው ስም ነው። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ፣ ሹመት ሲሰጣቸው፣ እንደገና ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ ይላቸዋል። ቤተ መንግሥቱ ሌላ፣ ቤታቸው ሌላ።

እቶኑ ውስጥስ? ንጉሡ ያስጣለው አብደናጎን ነው። በእሳቱ መካከል ቆሞ የጸለየው ግን አዛርያ ነው። ዳዊት የምትደግሙ ታውቁታላችሁ፤ ከነቢያት ጸሎት ጋር አለ። መሥዋዕት የለንም፣ ዕጣን የለንም፣ የተሰበረ ልባችንን ተቀበለን ይላል። እሳት ውስጥ ሆኖ ባቢሎንን በመክሰስ አይጀምርም። እኛ በደልን ነው የሚለው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አፍራለሁ።

ትምህርት ቤት በሌላ ስም መጠራት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ዳንኤል ብልጣሶር ተብሎ በታማኝነት አገልግሏል። ኤርምያስም ለምርኮኞቹ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ስላላችሁባት ከተማ ጸልዩ ብሎ ጽፎላቸዋል። የሚያሳዝነኝ ቤት ገብተንም ሲድራቅ መሆናችን ነው። ልጁን እዚያም በትምህርት ቤት ስሙ ነው የምንጠራው። "እሱ እኮ አማርኛ አይገባውም" እንላለን። ማን አናግሮት ይግባው? ሽሮ እናቀርብለታለን፤ ጾመ ነቢያት መሆኑን አንነግረውም። እነዚያም ልጆች ጥራጥሬና ውኃ ይበቃናል ብለው እንደነበር ለመንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንድም ቃል ሳንናገር ከገበታው ተነሥተን ስልካችን ላይ እናፈጣለን። ከዚያ ልጆቻችንን አገሩ ወሰደብን ብለን እናለቅሳለን።

አንቺ እህቴ ግን፣ ይህን ካነበብሽ፣ ተግሣጹን ለራስሽ አታድርጊው። ከሌሊት ሥራ ወጥተሽ ሳትተኚ ልጅሽን ይዘሽ መጥተሻል። እሱም ቆርቦ ሲመለስ አይቼዋለሁ። በ40 ቀኑ የተሰጠው ስም አልጠፋም። አያቱ ይዘውለት ቆይተዋል።

ሌሎቻችንም ዛሬ እንደውል። እናቶቻችን በሕይወት እያሉ። የክርስትና ስሙን፣ የተጠመቀበትን ደብር፣ ክርስትና ያነሣውን ሰው እንጠይቅና ዳዊቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንጻፈው። ልጁን አጠገባችን አስቀምጠን፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገን።