ከጥርስ የሚነሳ ሳይነስ

«ሳይነሴ ተነሳብኝ» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ባሕር ዛፍ ይታጠናል፣ አንቲባዮቲክ ይወስዳል፣ ትንሽ ይሻለዋል፣ ከዚያ እንደገና ያገረሽበታል። ሕመሙ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ግን የላይኛው መንጋጋ ጥርሱም መታየት አለበት።

ከጉንጭ በስተጀርባ፣ በላይኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ አየር የያዘ ክፍት ቦታ አለ፤ ከሳይነሶች አንዱ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ናትናኤል ሃይሞር እ.ኤ.አ. በ1651 በዝርዝር ጽፎበታል። የዚህ ሳይነስ ወለል ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር ጋር ጎረቤት ነው። በመካከል ያለው አጥንት በጣም ስስ ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ የለም፣ ያለው ቀጭን ሽፋን ብቻ ነው። ስለዚህ ሥሩ ላይ መግል የቋጠረ ጥርስ፣ የተጎዳ ድድ፣ ሲነቀል ወደ ላይ የገባ የጥርስ ስባሪ ወይም በትክክል ያልገባ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ሳይነሱን ሊመርዘው ይችላል።

አሳሳቹ ነገር ጥርሱ ብዙ ጊዜ አለማመሙ ነው። ነርቩ ሞቷል። መግሉም ወደ ሳይነሱ ስለሚፈስ ጥርሱ ሥር አይጠራቀምም፤ የሚያስጮኸው ግፊት አይፈጠርም። ሕመምተኛው የሚያውቀው በአንድ ወገን አፍንጫ የሚወርደውን ፈሳሽ፣ የጉንጩን መክበድና መጥፎ ሽታውን ነው። ሽታው አንዳንዴ ለራሱ ብቻ ይሸተዋል። ጥርሴን አላመመኝም ማለት ጥርሱ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ምርመራው ሁለት ሐኪም ይፈልጋል። ከአንገት በላይ ሐኪሙ በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ፣ አፍንጫ ውስጥ መግል መኖሩን ያያል። የጥርስ ሐኪሙ ጥርሱን በቀዝቃዛ ነገር ይነካዋል፤ ነርቩ የሞተ ጥርስ ቅዝቃዜ አይሰማውም። ተራ የጥርስ ራጅ ላይ ሥሩና ሳይነሱ ስለሚደራረቡ ችግሩ ሊያመልጥ ይችላል፤ ሲቲ ስካን፣ በተለይ ለጥርስ የሚነሳው ኮን ቢም የተባለው፣ በደንብ ያሳያል። ሲቲው ለሳይነስ ሲታዘዝ ጥርሱ ሳይታይ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። «ጥርሶቹም ይታዩልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድንም። የሞተ ነርቭ ደም አይደርሰውም፣ ስለዚህ መድኃኒቱም አይደርሰውም። ሐኪም አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ሊያዝ ይችላል፤ ምንጩ ግን ጥርሱ ነው። ወይ የሥር ሕክምና ይደረግለታል፣ ወይ ይነቀላል። አንዳንዱ ሰው ከዚያ በኋላ ሳይነሱ በራሱ ይድናል። ሌላው በኢንዶስኮፕ የሚሠራ የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። የትኛው ይቅደም የሚለውን ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው ቢወስኑት ጥሩ ነው። ድሮ ከላይኛው ከንፈር ሥር አጥንት ተበስቶ ይገባ ነበር፤ አሜሪካዊው ካልድዌልና ፈረንሳዊው ሉክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። አሁን ብዙውን ሥራ ኢንዶስኮፕ ተረክቦታል።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የጠጡት ውኃ በአፍንጫ ከወጣ አፍና ሳይነስ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ትንሽ ቀዳዳ በራሱ ሊገጥም ይችላል፣ ሰፊው በድድ ሥጋ ተሸፍኖ ይሰፋል። እስኪድን ድረስ መናፈጥ፣ አፍ ዘግቶ ማስነጠስና በስትሮ መጠጣት ክልክል ነው። ዓይን አካባቢ ካበጠ ወይም እይታ ከደበዘዘ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።