የዊምብልደን የሴቶች ጥንድ ውድድር

ሁለት ሴቶች ከሌሎች ሁለት ጋር የሚጋጠሙበት የዊምብልደን የሴቶች ጥንድ ውድድር በየዓመቱ ለንደን ውስጥ በኦል ኢንግላንድ ክለብ የሣር ሜዳዎች ላይ ይካሄዳል። ከአራቱ ግራንድ ስላሞች (የቴኒስ ታላላቅ ውድድሮች) ዛሬ በሣር ላይ የሚጫወተው ዊምብልደን ብቻ ነው። ለጥንድ ቴኒስ ደግሞ ከሣር የተሻለ ሜዳ የለም ባይ ነኝ። ኳሷ ዝቅ ብላ ነው የምትነሳው፤ ትፈጥናለች። ስለዚህ መረቡ ጋ ተጠግታ ኳሷን ሳትነጥር የምትመታ ተጫዋች ትጠቀማለች፣ በጥንድ ደግሞ አብዛኛው ነጥብ የሚለየው እዚያው መረቡ ጋ ነው።

64 ጥንዶች ይገባሉ። ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈ ጥንድ ዋንጫውን ይወስዳል። ሜዳው ርዝመቱ እንደ ነጠላው 23.77 ሜትር ነው፤ ወርዱ ግን ከ8.23 ወደ 10.97 ሜትር ይሰፋል። ሰፋ ቢልም ለሁለት ሲካፈል እያንዳንዷ የምትጠብቀው ቦታ ከነጠላው ያንሳል። በነጠላ ውድድር ጨዋታ የሚጨርስ ኃይለኛ ምት እዚህ ዞሮ ይመለሳል፤ ነጥብ የሚገኘው በሁለቱ መሃል ክፍተት ሲፈጠር ነው።

ይህን ለማየት ሰርቭ (ነጥቡን የሚጀምረው ምት) ከመመታቱ በፊት ያለችውን ትንሽ ጊዜ ማየት ይበቃል። መረቡ ጋ የቆመችው ተጫዋች አንድ እጇን ወደ ጀርባዋ አድርጋ ለአጋሯ በጣቶቿ ምልክት ታሳያለች፤ ኳሷ ወዴት እንደምትመታና እሷ ራሷ ቦታዋን ይዛ ትቆይ ወይስ ወደ ሌላኛው ወገን ትቁረጥ የሚለው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ተቃራኒዎቹ ምልክቱን አያዩም። አንዳንዴ ደግሞ መሃል ላይ፣ ልክ መረቡ ስር ቁጢጥ ትላለች፣ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ እንደምትሄድ ማንም እንዳያውቅ። ከዚያ ሰርቭ ተመትቶ ኳሷ ስትመለስ መረቡ ጋ ያለችው ተጫዋች ትወረወራለች። ገምታ ከተሳሳተች ግማሹ ሜዳ ባዶ ነው፤ አጋሯ ሮጣ ካልሸፈነችላት ነጥቡ አለቀለት።

አቆጣጠሩም ከሌላው ይለያል። በአብዛኞቹ የሴቶች ቱር ውድድሮች ጥንዶች አንድ አንድ ክፍል አሸንፈው እኩል ሲሆኑ እስከ 10 ነጥብ በሚሄድ ታይ ብሬክ (አጭር መለያ ጨዋታ) ነው የሚለያዩት። ዊምብልደን ግን ሦስተኛውን ክፍል ሙሉውን ያጫውታል፤ ከ2022 ጀምሮ 6 እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው ባለ 10 ነጥቡ ታይ ብሬክ የሚመጣው። ጥሩ አድርገዋል፤ እንዲህ ያለ ጨዋታ ተቆርጦ ሲያልቅ ያናድዳል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የሴቶች ነጠላ የተጀመረው በ1884 ሲሆን ጥንዱ በይፋ የሻምፒዮናው አካል ለመሆን እስከ 1913 መጠበቅ ነበረበት። የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች ዊኒፍሬድ ማክኔርና ዶራ ቡዝቢ ናቸው። ከዚያ በኋላ ውድድሩ የተቋረጠው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶችና በ2020 በኮሮና ጊዜ ብቻ ነው።

በዚህ ውድድር ከማንም በላይ ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ራያን ናት። 12 ጊዜ! ስድስቱን የወሰደችው ከፈረንሳይዋ ሱዛን ሌንግሌን ጋር ነው፤ ወንድና ሴት አብረው ከሚጫወቱበት ከድብልቅ ጥንዱ 7 ዋንጫ ጋር ሲደመር 19 ይሆናል። በነጠላ ግን ዊምብልደንን አንድም ቀን አላሸነፈችም። ስሟ ብዙ የማይነሳውም ለዚሁ ይመስለኛል፣ ያሳዝናል። 19ኙን የዊምብልደን ዋንጫ ለብዙ ዓመታት ማንም አልደረሰበትም፣ አሜሪካዊቷ ቢሊ ጂን ኪንግ በ1975 እኩል እስክትሆን ድረስ። በ1979 ኪንግ ከማርቲና ናቭራቲሎቫ ጋር ጥንዱን አሸንፋ 20ኛዋን አነሳች፤ ራያን ያረፈችው ልክ በዋዜማው ነው፣ እዚያው ዊምብልደን ላይ ወድቃ።

የ1956ቱ ድልም አይረሳም። ጥቁር አሜሪካዊቷ አልቲያ ጊብሰንና ይሁዲዋ እንግሊዛዊት አንጄላ በክስተን ሁለቱም በቴኒሱ ዓለም ተገልለው የኖሩ ነበሩ፤ አብረው ገብተው አሸነፉ። ዊምብልደን ላይ ዋንጫ ያነሳች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተጫዋች ጊብሰን የሆነችው በዚህ በጥንዱ ነው። የነጠላው ድሏ የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው።

ከዚያ የናቭራቲሎቫና የፓም ሽራይቨር ዘመን መጣ። ዊምብልደንን አምስት ጊዜ አብረው ወስደዋል፣ በ1984 ደግሞ አራቱንም ግራንድ ስላም ጠራርገዋል። ከ1983 ጀምሮ 109 ጨዋታ ሳይሸነፉ ከሄዱ በኋላ ያስቆሟቸው ካቲ ጆርዳንና ሊዝ ስማይሊ ናቸው፣ በ1985ቱ የዊምብልደን ፍጻሜ። ቬነስና ሴሬና ዊሊያምስ ስድስት ጊዜ አሸንፈዋል። እህትማማቾቹ አብረው በደረሱባቸው 14 የግራንድ ስላም የጥንድ ፍጻሜዎች አንድም አልተሸነፉም። በ2016 ሴሬና ነጠላውን ያሸነፈችበት ቀን ሳይመሽ ከእህቷ ጋር ጥንዱንም ደገመች።

ዛሬ ግን ነጠላውን የሚጫወቱት ትልልቅ ኮከቦች በብዛት ጥንዱን ይተዉታል። ጨዋታው ይበዛባቸዋል፣ ገንዘቡም አይገናኝም፤ በ2025 የነጠላዋ አሸናፊ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ስታገኝ ያሸነፈው ጥንድ ግን 680 ሺሕ ለሁለት ተካፍሏል። ይህ ልዩነት በጣም ሰፊ ነው፣ በእኔ እምነት ተገቢም አይደለም። በሌላ በኩል ሜዳው ለጥንድ ስፔሻሊስቶች ተለቋል፤ ዕድሜም እዚህ ያን ያህል አይገድብም። ሺየህ ሱ-ዌይና ባርቦራ ስትሪኮቫ በ2023 ሲያሸንፉ ሁለቱም 37 ዓመታቸው ነበር።

አጋርም ይቀያየራል። በ2021 ሺየህና ኤሊዝ ሜርተንስ ሊሸነፉ አንድ ነጥብ ቀርቷቸው ተርፈው ቬሮኒካ ኩደርሜቶቫንና ኤሌና ቬስኒናን 3 ለ 6፣ 7 ለ 5፣ 9 ለ 7 አሸነፉ። በ2025 ሜርተንስ ተመልሳ ስትመጣ አጋሯ ያኔ የረታቻት ኩደርሜቶቫ ነበረች፣ በፍጻሜው የረቱት ደግሞ ሺየህንና የለና ኦስታፔንኮን ነው።